ባለቤትሽ ምን ይወድ ነበር?
ሻምበል አበበ ቢቂላን ምሳሌ አድርገን፣ በሰው አገር ሆኖ የሞተ ባልን ስለ ማሰብ

በደማምና በኮባር በየሰዉ ቤት ተበትናችሁ ለምትኖሩ እኅቶቻችን።

በአገራችን ባሏ የሞተባት ሴት መርዶዋን ብቻዋን አትሰማም። የነፍስ አባቷ፣ የዕድሩ ዳኛ፣ ጎረቤትና የቅርብ ዘመድ ገና ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ግራና ቀኝ ደግፈው ይነግሯታል። ከዚያም ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል። ለቅሶ ደራሹ በገባ በወጣ ቁጥር ስለ ሟቹ አንድ ነገር ይናገራል። አንዱ አብረው ያደጉበትን ያነሣል፤ ሌላው ሟቹ የዋለለትን ውለታ ይቆጥራል፤ አንዳንዱም ቀልዱን አስታውሶ አልቃሹን ፈገግ ያሰኛል። በዚህ ሁሉ ወሬ ሟቹ ተመልሶ በቤቱ መካከል የተቀመጠ ያህል ይሆናል። የለቅሶ ሥርዓታችን ጥቅሙ እንባን ማውጣት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ማን እንደ ነበረ ለልጆቹ የሚነገርበት ጊዜም ነው።

እዚህ ግን እንዲህ አይደለም። መርዶው የሚመጣው በስልክ ነው። ድስት እሳት ላይ እንዳለ፣ ሕፃን እቅፍ ውስጥ እንዳለ የኢሞው ወይም የዋትስአፑ ድምፅ ይሰማል። ማልቀሻው ቦታ መታጠቢያ ቤት ይሆናል፤ ዓይን ታጥቦ እንደገና ወደ ማእድ ቤት መመለስ አለ። የመውጫና የመመለሻ ቪዛ፣ እነርሱ ኹሩጅ ወዓውዳ የሚሉት፣ በአሠሪው ፈቃድ የሚገኝ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ቢፈቀድ እንኳ በአገራችን ልማድ ቀብር በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሚፈጸም የሚደርስ የለም። ስለዚህ ከመካከላችሁ ባሎቻችሁን የቀበራችሁት በልባችሁ ብቻ የሆነ፣ ድንኳን ያላያችሁ፣ ስለ ባለቤታችሁ አንድም ሰው ሲናገር ያልሰማችሁ አላችሁ።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ የታዘብነው ነገር ነው። ባሏ ያረፈባትን እኅት ለጸሎት ስሙን ስንጠይቃት ስሙን ከነገረችን በኋላ ወሬው ሁሉ ስለ ሕመሙ ይሆናል። ምን ያህል ጊዜ እንደ ታመመ፣ ለሕክምናው ስንት ሪያል እንደ ላከች፣ የትኛው ሐኪም ምን እንዳለ ትተርክልናለች። በመጨረሻም «እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ» ብላ ታለቅሳለች። የዐሥር ወይም የዐሥራ አምስት ዓመት ትዳር ወደ መጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ተሰብስቦ ይቀርባል።

«ባለቤትሽ በትርፍ ጊዜው ምን ይወድ ነበር?» ተብላ ስትጠየቅ ግን ፊቷ ይለወጣል። አንዷ ርግብ ያረባ እንደ ነበር ትናገራለች። ሌላዋ የተበላሸ ራዲዮ ከየጎረቤቱ ሰብስቦ ሌሊቱን ሲፈታና ሲገጥም ያድር እንደ ነበር ታስታውሳለች። ባሏ ክራር ይደረድር የነበረም አለች፤ በአሮጌ የወተት ጣሳ አበባ ይተክል የነበረም አለች። «እህሌን ርግቦቹ ጨረሱት እያልሁ ስንት ቀን ተጣላሁት!» ብላ እየሳቀች የምታለቅስም አለች። ያን ጊዜ የምትናገርለት ሰው በሽተኛ አይደለም፤ ያገባችው ሰው ነው።

ሁላችን የምናውቀው ባል

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ሰው እናንሣ። ሻምበል አበበ ቢቂላን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። በባዶ እግሩ ሮም ላይ እንዳሸነፈ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን አበበ ሯጭ ብቻ አልነበረም፤ ባልና የአራት ልጆች አባትም ነበር። ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን ያገባው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን በዘመኑ ልማድ መሠረት ሚስት ያጩለት እናቱ ነበሩ። ያ ትዳር እስከ ዕለተ ሞቱ ጸና።

አበበ የተወለደው በ1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በተባለች መንደር ነው። በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይወድ ነበር። ገናን የተጫወታችሁም ያያችሁም ታውቁታላችሁ፤ በቆልማማ ዱላ እንደ ኳስ የምትለጋ ሩር ይዞ ሜዳ ለሜዳ መሯሯጥ ነው። ግቡ አንዳንድ ጊዜ ከመንደር መንደር ይርቃል። ለገንዘብ ወይም ለሜዳልያ የሚጫወተው የለም፤ ደስ ስለሚል ብቻ ይሮጣል። ዓለም በኋላ ያደነቀው እግር አስቀድሞ የጠነከረው በእንዲህ ያለ ጨዋታ ጭምር ነበር።

ወጣት ሲሆን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። እዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አሠለጠኑት። ባገባ በወራት ውስጥ ወደ ሮም ሄደ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ ልክ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። የሩጫው መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን ከአክሱም ተወስዶ በሮም በቆመው ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኖት፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደግሞ አሸነፈ። በኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌሎቹ ሯጮች ገና ሳይደርሱ እርሱ በሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን እያነሣ የሰውነት ማፍታቻ ይሠራ ነበር።

እስከዚህ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። እኛ በተለይ ልንነግራችሁ የፈለግነው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

እግሮቹ እንቢ ሲሉ

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ቮልስዋገን መኪናውን ሲነዳ ተገለበጠ። እስኪነጋ ድረስ በመኪናው ውስጥ ተይዞ አደረ። አከርካሪው ተጎድቶ ስለ ነበር መጀመሪያ እጆቹም እግሮቹም አልታዘዙትም። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ ስቶክ ማንደቪል በተባለው ሆስፒታል ለስምንት ወራት ያህል ታከመ። እጆቹ ዳኑ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። የሀገር ኩራት የነበሩት እነዚያ እግሮች ከዚያ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዐረፉ።

ያ ሆስፒታል ልዩ ነበር። ሉድቪግ ጉትማን የተባሉት ሐኪም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት ጭምር ያክሙበት ነበር። ቀስት መወርወርና ጠረጴዛ ቴኒስ እንደ መድኃኒት ይታዘዝ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው የአካል ጉዳተኞች ውድድር መነሻው በ1940 ዓ.ም. በዚያ ግቢ የተደረገው ጨዋታ ነው።

ታላቁ ሯጭ እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረው። «እኔ ሯጭ ነበርሁ፤ እግሬ ከሄደ ሕይወቴም ሄዷል» ማለት ይችል ነበር። እንዲህ ቢል የሚፈርድበት አልነበረም። እርሱ ግን ቀስት አነሣ። ጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ። በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኖርዌይ ተጋበዘ። የተጠራው ለክብር እንግድነት ነበር፤ ነገር ግን እንግዳ ሆኖ መቀመጥ አልሆነለትምና ተወዳደረ። ቀስትም ወረወረ፤ ጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። ከዚህም በላይ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት መቀመጫ ላይ ተቀምጦ 25 ኪሎ ሜትር ሄዶ አንደኛ ወጣ። ርቀቱን ለመገመት ከኮባር ተነሥቶ ባሕሩን አቋርጦ ባሕሬን የሚደርሰውን ድልድይ አስቡት፤ ርዝመቱ ከዚያ ጋር ይቀራረባል። የጃቶ ልጅ ከበረዶ ጋር ምን ትውውቅ ነበረው? ግን ሜዳ ለሜዳ ሩር ያባርር የነበረው ልጅ በውስጡ አልሞተም ነበር።

ለምን ይህን እናነሣለን? ለእነዚህ ጨዋታዎች የአዲስ አበባ ሕዝብ በአደባባይ አልወጣላቸውም። እንደ ሮሙና እንደ ቶኪዮው በየቤቱ ግድግዳ አልተሰቀሉም። ነገር ግን ሰውየውን በእውነት የሚያሳዩት እነዚህ ናቸው። አበበ መጫወት የሚወድ ሰው ነበር። ሜዳልያው የዚያ ፍቅር ፍሬ እንጂ ፍቅሩ ራሱ አልነበረም። ሜዳልያ የማይገኝበት ጊዜ ሲመጣ ፍቅሩ ብቻውን ቆሞ ታየ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አበበ በአንጎል ውስጥ ደም ፈሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ሲቀበር ወደ 65 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ተገኘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁ። ከአራት ወር በኋላ የየካቲት አብዮት ፈነዳና ሀገሪቱ ሌላ ጣጣ ውስጥ ገባች። ሕዝብ ሲያለቅስ ውሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከለቅሶው በኋላ ሟቹን ይዘው የሚቀሩት ሚስትና ልጆች ናቸው። ሴት ልጁ ፅጌ አበበ፣ አባቷ ሲያርፍ ገና ልጅ የነበረችው፣ አድጋ የአባቷን ሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አድርጋ ጻፈች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ። አባቷ ካረፈ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ትዝታ በቤት ውስጥ ከተጠበቀ ይህን ያህል ይቆያል ማለት ነው።

የዶርቃ ቀሚሶች

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ የምትገኘውን ጣቢታ ወይም ዶርቃ የተባለችውን ደግ ሴት ታስታውሳላችሁ። በኢዮጴ ታማ ሞተች። ቅዱስ ጴጥሮስ ተጠርቶ ወደ ሰገነቱ ሲወጣ መበለቶች ከብበውት እያለቀሱ ቆሙ። ያን ጊዜ ያሳዩት ምን ነበር? ዶርቃ በሕይወት ሳለች በእጇ የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር። የታመመችበትን አልጋ አላሳዩትም፤ እጆቿ የሠሩትን አሳዩት እንጂ።

እኅቶቻችን፣ ይህ ታላቅ ትምህርት አለበት። ቤተ ክርስቲያን ሟችን ማሰብን ከጥንት ጀምሮ ሥርዓት አድርጋ ሠርታልናለች። ፍትሐት አለ፤ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት አለ። ቀኖቹ እንዲህ የተደረደሩት ነፍሱ በጸሎት እንድትታሰብ ነው፤ ለቀሪዎቹም ሐዘኑን በአንድ ቀን እንዳይጨርሱት፣ በአንድ ቀንም እንዳይጨርሳቸው ይረዳል። በእነዚያ ቀኖች ስሙ ሲጠራ እናንተ የሟቹን ቀሚስ፣ ማለት እጁ የሠራውንና ልቡ የወደደውን፣ ማውጣት ትችላላችሁ።

ደግሞ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ላይኖር እንደሚችል አስቡ። መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ደመወዙን ነው። ሐኪሙ የሚያውቀው በሽታውን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንለት፣ ጥፍር በምታህል ብሎን ሦስት ሰዓት የሚታገል ሰው እንደ ነበረ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ልጆቻችሁ ከአያታቸው ጋር በአገር ቤት ናቸው። አባታቸው ሲሞት ሕፃናት ከነበሩ የሚያስታውሱት አልጋውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ካልነገራችኋቸው አባታቸው ለእነርሱ በሽተኛ ሆኖ ይቀራል።

«ግን እኮ ባሌ…»

እዚህ ላይ በልባችሁ የሚመጣ ጥያቄ እንዳለ እናውቃለን። ሁሉም ባል መልካም አልነበረም። ተልኮለት የነበረውን ገንዘብ በመጠጥ የጨረሰም፣ በርቀት ሳላችሁ ልባችሁን ያቆሰለም ይኖራል። እንደዚህ ያለውን ሰው ጻድቅ አድርጋችሁ ተናገሩ አንልም፤ ሐሰት ለሞተ ሰው አይጠቅመውም። ይሁን እንጂ በጣም የበደለ ሰው እንኳ አንድ የሚወደው ነገር ነበረው። ለልጆቹ ኳስ ከጨርቅ ይሰፋ ነበር ይሆናል፤ በገና ሰሞን ዱላ ይቀርጽ ነበር ይሆናል። ያንን አንድ ነገር ለልጆቹ መስጠት በደሉን መካድ አይደለም። ልጅ ከአባቱ አንዲት መልካም ነገር ይዞ ማደግ ይገባዋል።

ሌላው ጥያቄ የጸጸት ነው። «ስታመም አልነበርሽም፤ ስሞት አልነበርሽም» የሚል ድምፅ በሌሊት የሚመጣባችሁ አላችሁ። እኛ የምንላችሁ ይህን ነው። የወጣችሁት ለእንጀራ ነው። የመድኃኒቱን የከፈላችሁት፣ የልጆቹን ደብተር የገዛችሁት ከዚህ ሆናችሁ ነው። ያም ቢሆን አልጋ አጠገብ እንደ መቆም ያለ አገልግሎት ነው። ጸጸቱ እየበረታ እንቅልፍ የሚነሣችሁ ከሆነ ግን ለነፍስ አባታችሁ በስልክም ቢሆን ተናገሩ፤ ብቻችሁን አትሸከሙት።

ምን እናድርግ?

በዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ስለሌለ ተዝካር ማውጣት፣ ድንኳን መትከል አይቻልም። የሚቻለውን ግን እንዘርዝር።

አንደኛ፣ የባለቤታችሁን የክርስትና ስምና ያረፈበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በወረቀት ጻፉ። በፍትሐትና በጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስሙ ነው። ለአገር ቤት ዘመድ ላኩና በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ እንዲታሰብ አድርጉ። ለድግስ መበደር ግን ግዴታ አይደለም። ጸሎቱና ለድሀ የምትሰጠው ጥቂት እንጀራ ይበቃል። ከሌላችሁ ገንዘብ ላይ ሰፊ ድንኳን ለማስተከል ተጨማሪ ዓመት በሰው ቤት እንዳትታሰሩ።

ሁለተኛ፣ ሥራ ጨርሳችሁ ስትተኙ፣ የሚወዳቸውን ነገሮች አንድ በአንድ በስልካችሁ በድምፅ ቅዱ። ሳታሳምሩ ተናገሩ። ምን ይሠራ ነበር? መቼ ይሠራ ነበር? ማን አስተማረው? ሲሳካለት ምን ይል ነበር? አንድ ሌሊት አንድ ነገር ይበቃል። ከዚያ ለልጆቹ ላኩላቸው። ማንበብ የማትችሉም ብትሆኑ ይህን ማድረግ ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፣ በአገር ቤት ያለውን ዕቃውን አስጠብቁ። ክራሩ፣ መፍቻው፣ የርግብ ቤቱ፣ የገና ዱላው እንደ ውዳቂ እንዳይጣል ለዘመድ ንገሩ። ከልጆቹ አንዱ ዝንባሌ ካለው ለእርሱ ይሰጠው። የአባት ዕቃ በልጅ እጅ ሲሠራ ማየት ራሱ መጽናኛ ነው።

አራተኛ፣ ይህ ለሁላችሁም ነው፤ ባሏ የሞተባት እኅት ስታገኙ «እግዜር ያጥናሽ» ካላችኋት በኋላ ቶሎ አትለዩአት። አጠገቧ ተቀምጣችሁ «ምን ይወድ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት። በአገር ቤት ድንኳኑ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ዐርብ ዕለት እረፍት ያላት ለሌላት ትደውልላት። በመርዶም ጊዜ እንዲሁ ነው። የሞት ወሬ ከሰማችሁ በጽሑፍ አትላኩ፤ ሥራ ላይ ሳለችም አትንገሯት። ከተቻለ አጠገቧ የምትሆን አንዲት እኅት ፈልጋችሁ፣ ካልተቻለም ማታ ሥራ ከጨረሰች በኋላ በድምፅ፣ በቀስታ ንገሯት።

ባሎቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁም ዛሬውኑ ደውሉ። ወሬያችሁ ሁልጊዜ ስለ ብርና ስለ ቤት ኪራይ ብቻ አይሁን። «ርግቦችህ እንዴት ናቸው? ክራሩን አሁንም ትደረድራለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባል ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ሆኖ ሲቆጠር ልቡ ይርቃል፤ የሚወደው ነገር ሲጠየቅ ግን ቤተኛ መሆኑን ያውቃል።

ያረፉትን ባሎቻችሁን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች ጋር ያኑርልን። እናንተንም በሰላም ለሀገራችሁ ምድር፣ ለልጆቻችሁ ዓይን ያብቃችሁ።